ደረቅ መሬት ላይ የቆመ ችካል

አሜሪካ፣ ብሉሚንግተን ከተማ በምንሠራበት ሆቴል፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ማሪቤል ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው። ፊሊፒንስ ያሉት አባቷ በቪዲዮ እየሳቁ ያወራሉ፤ ከኋላቸው የሩዙ ማሳ በደፈረሰ ውሃ ተውጧል። የትውልድ ቦታቸው በተራራና በወንዝ መካከል ያለች የገበሬ ወረዳ ናት። ድሮ ረግረግ ነበረች፤ ቅድመ አያቶቿ ቦይ ቆፍረው ነው ሩዝ የዘሩባት።

"አየሽ፣ ውሃው ቀርከሃውን አላለፈም" አለችኝ። አባቷ ማታ በውሃው ጠርዝ የተከሉት ቀርከሃ ነው።

እኛም ፎገራ እንዲሁ እናደርግ ነበር። የከብት ግጦሽ የነበረው ሜዳ ሩዝ ሲዘራበት ቤታችንም ወደ ወንዙ ተጠጋ። ክረምት ሲበረታ አያቴ ማታ ማታ በውሃው ጠርዝ ችካል ይተክላሉ፤ ጠዋት ችካሉ ውሃ ውስጥ ከተገኘ ጓዝ ጠቅልሎ መውጣት ነው። አንድ ቀን ማለዳ፣ ጭቃው የበሰበሰ ሣር እየሸተተ፣ አያቴ ችካሉን ከውሃው ነቅለው ወደ ቤቱ አስጠግተው ሲተክሉ ደረስኩባቸው። እናቴ አራስ ነበረች።

"እንዳትነግሪያት ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ዛሬን እንኳ ሳትሰጋ ትዋል።"

ችካሉ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ እስከ ወገቡ ርሷል።

የማሪቤልን ስልክ ተቀብዬ አስጠግቼ አየሁት። ቀርከሃው የቆመው ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ እስከ ወገቡ ግን ጭቃ ለብሷል።

"ደህና ናቸው አይደል?" አለችኝ።

ማድረቂያው ጮኸ። አንሶላውን አወጣሁና አንዱን ጫፍ ሰጠኋት።

"ደህና ናቸው" አልኳት።