ተክሏ ትፁም አትፁም

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ የካ ሳይንስ አስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ አንድ ጃፓናዊ በሰው በሰው አፈላልጎኝ መጣ። ነፍሳት የሚበሉ ተክሎችን የሚያጠና ማኅበር አባል ነው። እንጦጦ ላይ ረግረግ ቦታ እንዳሳየው ለመነኝ።

ባሕር ዛፉን አልፈን አንድ ምንጭ ዳር ደረስንና ቀኑን ሙሉ በሆዳችን ተኝተን ሣር ስንገላልጥ ዋልን። ምንም አላገኘንም። ስንለያይ ሦስት ጊዜ አጎንብሶ አመሰገነኝ። ደንቡ መስሎኝ እኔም ሦስት ጊዜ አጎነበስኩ። እሱም ደገመ፤ እኔም ደገምኩ። በዚህ መሃል አውቶቡሱ አመለጠው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፖስታ ቤት አንድ ጥቅል ጠበቀኝ። የማኅበሩ መጽሔት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በጃፓንኛ። አብሮት ባለው ትንሽ ሣጥን ውስጥ በእርጥብ ጥጥ የተጠቀለለች ተክል አለች፤ ቅጠሏ ላይ ጤዛ የመሰለ ሙጫ ያብረቀርቃል። ሰውየው በእንግሊዝኛ በጻፈው ደብዳቤ የማኅበሩ የኢትዮጵያ ተወካይ ሆኜ መመረጤን ነገረኝ። ማን እንደመረጠኝ አላውቅም። ተክሏን በወተት ጣሳ ተከልኳት።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ፆም የማያጎድሉ ሴት ነበሩ። መጽሔቱን ሲያገላብጡ አንድ ሥዕል ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ ይቺ ምን እያደረገች ነው?»

«ዝንብ እየበላች ነው፣ እትዬ።»

«ያንተዋም ትበላለች?»

«አዎ።»

«በሁዳዴ? በእኔ ግቢ?»

እንዲህ ያለ ተክል የሚበቅልበት መሬት ድሃ ስለሆነ ምግቡን ከነፍሳት እንደሚያገኝ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ድሃ ሁሉ ፆም ይገድፋል እንዴ?» አሉና ዝንብ እንዳይደርስባት ጣሳውን በነጠላቸው ሸፈኑት።

በሦስተኛው ቀን የነፍስ አባታቸውን ጠሩ። ቄሱ ተቀምጠው መጽሔቱን ከኋላ ወደ ፊት እያንዳንዱን ገጽ ገለጡ። ጃፓንኛ እንደዚያ ሊነበብ እንደሚችል ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ነጠላውን ገልጠው ተክሏን አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ዓመት ቢሆናት ነው፣ አባቴ።»

«ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ፆም የለበትም። ትብላ።»

አከራዬ ደረታቸውን መቱ። «ሕፃን መሆኗን መች ነገርከኝ! ሦስት ቀን አስርቤያት!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝንብ እንዲገባላት በሩን ከፍተው ይውሉ ጀመር። እኛ ሽሮ ስንበላ ዝንቡ እኛ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ እሳቸው ግን በእጃቸው እሽ እያሉ ወደ ጣሳው ይነዱታል።

ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ሄጄ ስመለስ ተክሏን ጠቁራ፣ ቅጠሏ ላይ ቀይ ነገር ተጋግሮባት አገኘኋት።

«ሁዳዴን ሙሉ ዝንብ ብቻ!» አሉኝ እንባቸው እየመጣ። «አንጀቴ አልችል አለኝ። ከዶሮው ወጥ ትንሽ ጠብ አደረግኩላት።»

ተወካይ ነኝና የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ለማኅበሩ ጻፍኩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ደብዳቤዬን በሚቀጥለው እትም አወጡት። ጃፓናዊው እንደጻፈልኝም በሁለት ወገን ተከፍለው ተከራከሩ፦ አንዱ ወገን የገደላት ቅባቱ ነው ሲል ሌላው በርበሬው ነው አለ። ለሙከራ የበርበሬውን ናሙና እንድልክላቸው በትሕትና ጠየቁኝ።

«ናሙና ስንት ኪሎ ነው?» አሉ አከራዬ። አስፈጭተው፣ ነፍተው፣ በጨርቅ ቋጥረው አንድ ሙሉ ኪሎ ሰጡኝ። ሽንኩርቱ አስቀድሞ መቁላላት እንዳለበትም አስጻፉኝ።

መልሱ የመጣው ክረምት ላይ ነው። የሞከሩባቸው ተክሎች አንድም ሳይቀሩ ሞተዋል። የተረፈውን በርበሬ ግን አባላቱ ስብሰባቸው ላይ በሩዝ በልተው ጨርሰውታል፤ ይጨመርልን ይላሉ። ከዚያ በኋላ መጽሔቱ በአከራዬ ስም ይመጣ ጀመር። እኔ ከፖስታ ቤት እያመጣሁ አደርስላቸው ነበር።