የቅቤው ፍርድ

በጃንሆይ ዘመን ለጋዜጣ ስሠራ የልቤ ምት ተዛባና ሐኪም እንክብል አዘዘልኝ። እንክብሉ ልቤን ቢያረጋጋውም የማየውን ሁሉ ቢጫ አደረገው። ሐኪሙ ቤት እንድቀመጥ ቢመክረኝም አሻፈረኝ ብዬ ለሥራ ሆሳዕና ወረድኩ።

ገበያው ውስጥ አንዲት ሴት ቅቤዋን በእርድ ዱቄት አቅልማለች ተብላ ተከሳ ቆማለች። ከተፈረደባት ከገበያው ትባረራለች። ዳኛው ሽማግሌ አቶ ላምቤቦ ቅቤውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"እንግዳ አያዳላም። አንተ እየውና ፍረድ።"

"ጋሼ፣ እውነቱን ይናገሩልኝ" አለች ሴትዮዋ። "ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።"

"በዓይኔ አልፈርድም" አልኩ። "የልብ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ የአቶ ላምቤቦ ጺም እንኳ ቢጫ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ቅቤው ይቅለጥና ዱቄት ካለው ከሥር ይዘቅጣል።"

"ዓይኑ የማያይ ጋዜጠኛ ላኩብን" አለ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔም ከቃሌ ንቅንቅ አላልኩም። ቅቤው ቀለጠ፤ ከሥሩ ምንም አልተገኘም። ሴትዮዋ ከሳሾቿን እየተሳደበች ወደ መደቧ ተመለሰች።

አቶ ላምቤቦ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና ከኪሳቸው የእኔኑ ዓይነት እንክብል አውጥተው አሳዩኝ።

"ቅቤውን ወደ አንተ የገፋሁት ለምን ይመስልሃል?" አሉ። "ዳኝነቱን ግን አልለቅም።"