ባቡር ላይ የተመለመልኩ ሽማግሌ

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በባቡር ስሄድ ነው። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ቦታ ተጉዣለሁ፤ አብዛኛውን መንገድ ረስቼዋለሁ። ይህንን ግን አልረሳውም፤ ጠዋት የተዋወቅሁት ሰው በማግስቱ የትዳሩን ጉዳይ እጄ ላይ ስለጣለው ነው።

ባቡሩ ሲነሣ ፊት ለፊቴ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ወጣቱ ብሩክ ይባላል፣ በርና መስኮት ሠሪ ነው። አብረውት አጎቱ ጋሽ ወልዴና የሰፈራቸው የእድር ዳኛ አሉ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ጋሽ ወልዴ ባዶውን ወንበር እያዩ ይናደዳሉ።

“ስድስት ወር ሙሉ ‘እኔ እያለሁ’ ሲል ከርሞ፣ የፓስፖርቱ ጊዜ ማለፉን የሚያየው ዛሬ ጣቢያ ላይ ነው?”

ነገሩ ቀስ በቀስ ገባኝ። ብሩክ የሚወዳት ሰላም ጅቡቲ ናት። አባቷ አቶ ግርማ እዚያ የከባድ መኪና መካኒክ ናቸው፤ ሦስት ሽማግሌ በአካል ካልመጣ ልጄን አልሰጥም ብለዋል። ሌላ ሰው ቀድሞ ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ነው። ጣቢያ ላይ የቀሩት ደግሞ ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው።

አዋሽ ስንደርስ ምሳቸውን ፈቱ። ጋሽ ወልዴ “በሞቴ” እያሉ ሦስቴ አጎረሱኝ፤ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ “አንተ” ይሉኝ ጀመር።

“ሰፈርህ የት ነው?”

“ኮልፌ፣ ከጦር ኃይሎች ወረድ ብሎ።”

ሦስቱም ተያዩ። እነሱ የኮልፌ አጠና ተራ ሰዎች ናቸው።

“ሦስተኛው ተገኘ” አሉ የእድሩ ዳኛ።

“የማላውቀውን ሰው አውቀዋለሁ ብዬ አልመሰክርም” አልኩ።

“ማን መስክር አለህ?” አሉ ጋሽ ወልዴ። “ሽበትህን ይዘህ ቁም፤ አፉን ለኛ ተወው።”

ብሩክ ጉርሻውን እንደያዘ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። በመጨረሻ ያጣራሁትን ብቻ እንደምናገር ነግሬያቸው ተስማማሁ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ብሩክን ስለ ራሱ እስከ ድሬዳዋ ጠየቅሁት። በመሃል ለባለቤቴ ደወልኩ።

“አጠና ተራ ሄደሽ ብሩክ ስለሚባል በርና መስኮት ሠሪ ጠይቂልኝ።”

“ምን አደረገ?”

“ሊያገባ ነው።”

ድሬዳዋ ልንደርስ ስንል መልሳ ደወለች። አራት ሰው ጠይቃለች። “ጨዋ ነው፣ መጠጥ አይቀምስም፣ እናቱን ያስታምማል አሉኝ። ግን ለሐሙስ ያለውን ሥራ ቅዳሜም አያደርስም።”

ብሩክ ሰምቷል። “ይሄንንም ይናገሩታል እንዴ?”

“እናገረዋለሁ።”

ጋሽ ወልዴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አቶ ግርማ ቤት ሄድን። ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም ብለን ቆምን። ጋሽ ወልዴ የመጣንበትን አሳምረው ተናገሩ። አቶ ግርማ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

“እርስዎስ ልጁን ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል?”

“ከትናንት ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ።”

የእድሩ ዳኛ ሳል ያዛቸው። እኔ ቀጠልኩ። ባዶውን ወንበር፣ የባለቤቴን አራት ምስክሮች፣ ሐሙስና ቅዳሜውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። በሕይወቴ ብዙ ባለሥልጣን አፋጥጬ ጠይቄአለሁ፤ እንደዚያን ቀን መልስ መጠበቅ የከበደኝ ጊዜ ግን የለም።

“ባለፈው የመጡት ሽማግሌዎች የላካቸው ሰው እንከን የለውም አሉኝ” አሉ አቶ ግርማ። “እንከኑ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ልጄን እንዴት ልስጥ? የዚህኛውን አሁን አወቅሁ።” ከዚያ ወንበር ሳቡልን። “በሉ ተቀመጡ።”

ጋሽ ወልዴ ከመቀመጣቸው በፊት ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ።

ብሩክና ሰላም ዛሬ የሚኖሩት ከቤቴ አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ነው። ሲጋጩ ሰላም የምትደውለው ለእኔ ነው። ባለፈው ወር ደውላ “ጋሼ፣ ያንን የመሰከሩለትን ሰውዬ መጥተው ይዩት” አለችኝ። የጻፍኩት ዘገባ ከታተመ በኋላ ወደ ባለጉዳዮቹ ተመልሼ የምሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። እነሱ ዘንድ ግን ጫማዬን አስሬ ወዲያው ነው የምወጣው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩ ሲዘገይ ይናፍቀኛል።