የአያ ባምላክ መኪና

ጋሽ ሣህሉ ፎቶው ላይ የነበሩትን ቄስ እጅ አይተው ነው ወይስ ሳያዩ ያን ቃል የተናገሩት? ከእሳቸው ጋር በአንድ ግቢ ተከራይቼ ስኖር ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ይህን ግን መመለስ አልችልም።

ጋሽ ሣህሉ እዚህ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ውስጥ የሚኖሩ፣ ከመለዋወጫ ዕቃ መደብር በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በየጋራዡ ከዚህም ከዚያም ተገጣጥመው የተሠሩ፣ ስም የሌላቸውን መኪኖች ከድሮ ፎቶ ላይ ይለያሉ። መብራቷ የቮልስ፣ ቸርኬዋ የላንድሮቨር፣ በሯ ከበርሜል የተቆረጠ ላሜራ እያሉ ሲናገሩ ሰው ይደነቃል። እሳቸውም በወጣትነታቸው አንዲት መኪና መሥራት ጀምረው ሳይጨርሷት ቀርተዋል። አጽሟ እስከ ዛሬ ጓሮ ውስጥ አለ፤ ሥሩ ዶሮዎች ይታቀፉበታል። ስለ እሷ ማንም ደፍሮ አይጠይቃቸውም።

ጎረቤታችን የሺመቤት አባቷን አያ ባምላክን ከአንበሳሜ አምጥታ ታኖራቸዋለች። ድሮ በያጅ ነበሩ። ከበርሜል ላሜራና ከሞተር ሳይክል ሞተር መኪና ሠርቼ ነበር ይላሉ፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ መኪናዋ ገብስ ነው ወይስ ጤፍ የምትበላው እያለ ይቀልድባቸዋል። በቅርቡ የሺመቤት ከዘመድ ሣጥን ውስጥ የመኪናዋን ፎቶ አገኘች። አባቷ በስተርጅና ከውሸታም ስም እንዲወጡላት ብላ፣ የማርያም ማኅበር ተራዋ የደረሰ ዕለት ጋሽ ሣህሉን በሰው ፊት እንዲመሰክሩ ጠራቻቸው። እኔም ወንበር ተሸክሜ አብሬ ሄድሁ።

ፎቶው ላይ አንዲት ጎባጣ መኪና ቆማለች፤ አጠገቧ አንድ ቄስ መስቀል አንሥተው ይባርኳታል። ጋሽ ሣህሉ በማጉያ መነጽር ብዙ ቆይተው አዩዋት።

«መሪዋ በቀኝ ነው» አሉ። «የእኛ አገር መሪ በግራ ነው። ይቺ ከኬንያ የመጣች የፋብሪካ መኪና ናት፤ ላሜራዋን ነው በኋላ የቀጠቀጡት።»

«እኔ በግራ ነው የገጠምሁት» አሉ አያ ባምላክ።

«ፎቶ አይዋሽም፣ አያ ባምላክ።»

ሀዲስ የሚባለው የባጃጅ ሾፌር፣ «ታዲያ አያ፣ ከናይሮቢ በታንኳ ነው ያሻገሯት?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ጓዳ ገቡ። የሺመቤት ጠላ መቅዳቱን ትታ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

ትንሽ ቆይቶ የንስሐ አባቷ ቄስ መርስዔ ኀዘን ዳቦውን ሊባርኩ ደረሱ። ፎቶውን ተቀብለው ፈገግ አሉ።

«እኒህ አባት በግራ እጃቸው ነው እንዴ የሚባርኩ?»

ሳቁ ጠፋ። በግራ እጁ የሚባርክ ቄስ ማን አይቶ ያውቃል? ፎቶ አንሺው ፊልሙን ገልብጦ አጥቦት፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ኖሯል። ጋሽ ሣህሉ ደግሞ የጣና ደሴት ካህን ልጅ ናቸው፤ መስቀል እየተሳለሙ ነው ያደጉት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

በማግስቱ በጠዋቱ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ የሺመቤት ቤት ሄዱ። ትናንት የሳቁት ሁሉ ይጠሩልኝ ብለው ስለ ነበር ሀዲስም ሌሎቹም ደጁ ላይ ቆመዋል። ጋሽ ሣህሉ ጓዳው በር ላይ አጎንብሰው፣ ደጅ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«መኪናዋ የእጅዎ ሥራ ናት። በድያለሁ፤ ይማሩኝ።»

አያ ባምላክ ከአልጋቸው ወርደው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን አሉ። ድንጋይ ከወረደ በኋላ ነገር አይነሣም፤ እሳቸው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁ።

«አቶ ሣህሉ፣ የቄሱን እጅ አላዩትም ነበር?»

ጋሽ ሣህሉ መሬት መሬቱን እያዩ ወደ በሩ ዞሩ። የሺመቤት ወንበር አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ፎቶ ይዛ ብትመጣ፣ የሉም በልልኝ አሉኝ። ክፍሎቻችንን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ሲገላበጡ የአልጋው ሽቦ ሲንሲያጠጥ እስኪነጋ ሰማሁት። እንቅልፍ የወሰዳቸው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች በደጃችን ካለፉ በኋላ ነው።