መንጋጋና የጀሶው ማርስ

በስሟ የሚጠራት የለም። መንጋጋ ነው የምንላት፤ አንደኛ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስለምትሠራ፣ ሁለተኛ አንዴ የነከሰችውን ነገር ስለማትለቅ። ፊት ለፊቷ እንዲህ ብሎ የጠራት አንድ ደፋር ነበር፤ ዛሬ ሰፈር ቀይሯል። እኔም ብሆን አልወዳትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰማይ ወዳጆች የሚሰበሰቡት በእኔ ፎቶ ቤት ጓዳ ነው። ክፍሉ የኔ፣ ወንበሩ የኔ፣ መብራቱ የኔ፤ ጭቅጭቁ የሷ ነበር።

የሚያሰባስበን ጉዳይ ማርስ ላይ የምትዳክር ሰው አልባ ተሽከርካሪ ናት። ከዝግታዋ የተነሳ ኤሊ ብለናታል። ኤሊ ወደ አንድ ትልቅ ክሬተር እያመራች ነበር። ክሬተር ማለት ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረው፣ ከተማ የሚውጥ ጎድጓዳ መሬት ነው። አፋፉ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ የምታነሳውን ፎቶ ለማየት ነበር የጓጓነው። እስከዚያው ግን እርስ በርስ ስንበላላ ከረምን።

መንጋጋ የኤሊን መንገድ በሙሉ በጀሶ ሠርታ ጠረጴዛዬን ያዘችው። መቼም እጇ ሲነካው የማያምር ነገር የለም፤ ይህን ብክድ ግፍ ነው። ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ መጨረሻ ላይ የክሬተሩ አፋፍ፣ ሁሉም አለ። ኤሊን ራሷን የምትወክለው አንዲት የፊት ጥርስ ናት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ኤሊ የት እንደደረሰች ይነበባል፤ ከዚያ መንጋጋ በወረንጦ ጥርሱን ታንቀሳቅሳለች። እሷ ብቻ። ሌላ ሰው እጁን ከዘረጋ የጣቶቹን ነገር ራሱ ይወቅ።

የጥርሱን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ይህን ማኅበር የጀመረችው የመንጋጋ ታናሽ እህት ናት፤ ሳቂታ፣ ሰው የምትወድ፣ ከአንድ ማህፀን ወጡ ቢሉ የማይታመን። የፊት ጥርሷ ተሰብሮ መንጋጋ ምትኩን ሠራችላት። የእህቷ ጥርስ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ስለነበር ምትኩንም እንዲሁ ዘንበል አድርጋ ሠራችው። ሳይገጠምላት ታመመች፤ ከዚያም ሞተች። መንጋጋ ጥርሱን ጀሶው ላይ ባቆመች ቀን ጉዳዩን ነገረችኝና «ለዚያ ሰውዬ ትንፍሽ ብትል!» ብላ መቅረጫ ቢላዋዋን አሳየችኝ።

ያ ሰውዬ የእህቷ ባል ነው። ፋርማሲ አለው፤ አፉ ስለሚጣፍጥ ሽሮፕ እንለዋለን። ሚስቱ የተቀበረችበት አፈር ሳይደርቅ ሌላ አገባ። መንጋጋ ድሮ «አንተ» ትለው ነበር፤ ከሠርጉ በኋላ «እርስዎ» ሆነ። ከአክብሮት እንዳይመስላችሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጥርሷን ነክሳበታለች። እሱም ከእሷ ጋር ሲሆን ሽሮፕነቱ ሁሉ ይጠፋና ኮሶ ይሆናል። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ደግሞ ሁለት እጁን ኪሱ ይከታል፤ ጀሶውንም ጥርሱንም ነክቶ አያውቅም። «ንቀቱን አየህልኝ?» ትለኝ ነበር፣ ቆሽቷ እያረረ።

ታዲያ ለምን አንዱ አይቀርም? ብዬ ጠይቄያለሁ። መልሱ ቀላል ነው። ሟቿን የሚያስታውስ የቀረ ቦታ ቢኖር ያ ጓዳ ነው፤ ከወንበሮቹ አንዷን እስካሁን የሷ ወንበር ነው የምንላት። ጓዳውን የለቀቀ እሷንም ለሌላው ለቀቀ ማለት ነው።

ጦርነቱ የፈነዳው በአንዲት ክብ ነገር ነው። ከላይ የምትዞረው ሳተላይት በላከችው ፎቶ ላይ፣ ከክሬተሩ አፋፍ ወዲህ፣ ልክ ኤሊ በምታልፍበት፣ አንዲት ክብ ነገር ትታያለች። መንጋጋ ጉብታ ናት ብላ ጀሶዋን ቆልላ ሠራቻት። ሽሮፕ ፎቶውን አንስቶ አናቱን ወደ ታች አዞረው።

«ይሄ ጉድጓድ ነው» አለ። «ፀሐይዋ ከታች በኩል ስለመጣች ነው ያበጠ የሚመስልሽ። ገልብጠሽ እዪው።»

«ገልብጠው ካዩትማ የቤትዎም ጣሪያ ወለል ይሆናል።»

«ሴትዮ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራሽ ምንድነው? የሰው ድድ የታተመበትን ጎድጓዳ በጀሶ ሞልተሽ ጉብታ ማድረግ! ዓይንሽ ለምዶበት ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ፎቶ አንሺ ነህ ፍረድ ነው ነገሩ። እኔ ፎቶውን ባገላበጥኩት ቁጥር አንዴ ጉብታ፣ አንዴ ጉድጓድ እየሆነ አስቸገረኝ። ደግሞስ ጓዳ አከራየሁ እንጂ ችሎት ከፈትኩ? ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

መንጋጋ ተነሳች። «ጉብታ ከሆነ እርስዎ ጃኬትዎን አንስተው ይሄዳሉ። ጉድጓድ ከሆነ እኔ ይህን ደጃፍ ዳግመኛ አልረግጥም።»

«ይሁን» አለ። «ኋላ ግን ማልቀስ የለም።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል። በየቅዳሜው ኤሊ ወደዚያች ክብ ነገር ስትጠጋ ሁለቱ ሰላምታም አቆሙ። ሌሎቹ የሰማይ ወዳጆች አፋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶቹ እንደውም የሚመጡት ለማርስ ሳይሆን ለጠቡ ነበር። አልፈርድባቸውም።

በመጨረሻ ፎቶው መጣ። ግድግዳው ላይ አበራሁት። ኤሊ አንድ ክብ ነገር ጠርዝ ላይ ቆማ ወደ ታች እየተመለከተች ነው። ወደ ታች። ወለሉ ላይ አሸዋ ተኝቷል። ጉድጓድ!

ሽሮፕ አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻል ነበር። ጃኬቷ ወዳለበት ማንጠልጠያ በአገጩ አመለከተ። በዚያች ቅጽበት ከመንጋጋ ይልቅ እሱን ጠላሁት።

እሷ ቦርሳዋን ከፍታ ቢላዋዋን አወጣች። ሁላችንም ወንበራችንን ሸሸት አደረግን። ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ ያችን የቆለለቻትን ጉብታ ፍቃ ፍቃ ጎድጓዳ አደረገቻት፤ ዱቄቱን እፍ አለች። ጥርሱን ጠርዟ ላይ አቆመችና ጀርባዋን ሰጥታን ትንሽ ቆየች። ምን እንደምትሠራ አላየንም። ከዚያ ጃኬቷን ለብሳ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

በሰላም ተቀመጥን። ሰላሙ እንዴት እንደሚያስጠላ ልነግራችሁ አልችልም። የሚጮህ የለም፣ የሚሳደብ የለም፤ ሰዉ ፎቶ አይቶ፣ አዛግቶ ይሄዳል። ሽሮፕ ያችን የሟቿን ባዶ ወንበር እያየ ይውላል። ጥርሱን የሚያንቀሳቅስ አልተገኘም፤ ኤሊ ማርስ ላይ ስትሄድ የኛዋ ጉድጓዷ ጠርዝ ላይ ቀረች።

ኤሊ የትልቁ ክሬተር አፋፍ ላይ የደረሰች ዕለት ግን እንዲህማ አይሆንም ብዬ ወረንጦ አነሳሁ። ጥርሱ ንቅንቅ አልል አለ። ለካ ያን ጊዜ ጀርባዋን የሰጠችን በጥርስ ሲሚንቶ እያጣበቀችው ነው! አንዱ «በመዶሻ መታ ብናደርገውስ?» አለ። ሽሮፕ «ማንም እንዳይነካው!» ብሎ ጮኸ። ያ ሰው ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ እጄን ይዞ እየጎተተ ወደ መንጋጋ የሥራ ቦታ ወሰደኝ።

በሩን ከፍታ መሃል ደፉ ላይ ቆመች። እጇ እስከ ክርኗ ጀሶ ነው።

«ኤሊ አፋፉ ላይ ደርሳለች» አላት።

«እንኳን ደስ አለዎት።»

«ጥርሱን አጣብቀሽዋል።»

«እኔ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ለማስነቀል ሐኪም ጋ ይሂዱ።» በሩን ገፋችው፤ በእግሩ ያዘው።

«በመዶሻ ሊመቱት ነበር። ከለከልኩ።»

«እርስዎን ምን አገባዎት? ተራ የሸክላ ጥርስ!»

«ተራ አይደለም» አለ። «ወደ ግራ ዘንበል ይላል። ስትስቅ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚታየኝ የሷ ዘንበል ያለ ጥርስ ነበር። ጀሶው ላይ ያቆምሽው ቀን ነው ያወቅኩት። እጄን ኪሴ የምከተው ለምን መሰለሽ? እንዳልነካው ነዋ።»

መንጋጋ ወደ እኔ አየች። አልነገርኩትም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«አፈሩ ሳይደርቅ ስታገባስ እጅህ የት ነበር?»

ሽሮፕ እግሩን ከበሩ ላይ አነሳ።

ወደ ውስጥ ገባች። በቃ ዘጋችብን ስል አንዲት ቀጭን መጋዝ ይዛ ተመለሰች። «ይቅር አላልኩህም» አለችው፣ ቀድማን እየሄደች። 

ጓዳው ውስጥ ሲሚንቶውን ከሥሩ ቀስ ብላ ቆረጠችው። ጥርሱን አነሳችና፣ አፋፉ ላይ የሚቆምበትን ቦታ እስክታስተካክል የምታኖርበት አጣች። ጠረጴዛው ዱቄት ብቻ ነው። እኔ እጄን ዘረጋሁ፤ እንዳላየችኝ ሆነች።

«እጅህን ከኪስህ አውጣ» አለችው። ጥርሱን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ከጣልከው እገድልሃለሁ።»

አልጣለውም።