የአባባ ምርቃት

ልጅ እያለሁ፣ ከሱሉልታ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ የሚልላቸው አያቴ ብቻ ነበሩ። ኦቦ ደገፋ ይባላሉ፤ እኛ አባባ እንላቸዋለን። ቅድመ አያታቸውን ባላባት አድርጎ የሾመው ንጉሥ ነበር። ንጉሡ ካለፈ፣ ርስቱም ከተወረሰ ብዙ ዘመን ሆኖት፣ ለአባባ የቀራቸው እንደማንኛውም ገበሬ አንድ ማሳና ሦስት ላሞች ነበሩ። ክብሩ ግን በዘር ወርዶ እሳቸው ላይ አርፎ ነበር። ድንበር የተጋፋ፣ ሚስቱ ያኮረፈችው፣ ሁሉም ድርቆሽ ድርቆሽ የሚሸተው ግቢያችን መጥቶ ይቀመጣል። ስብሰባም ያለ እሳቸው ምርቃት አይከፈትም። «ምርቃት እንደ ወተት ነው፤ ከፈሰሰ አይታፈስም» ስለሚሉ ጉዳዩን ሳያውቁ አፋቸውን አይከፍቱም።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከቀበሌ ደብዳቤ መጣላቸው። በቁቤ የተጻፈ ነበር። አባባ ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ስለሆኑ የግዕዙን ፊደል እንጂ ላቲኑን አያውቁም፤ አንባቢያቸው እኔ ነበርኩ። «ሀዊ ስታነብ አትደናቀፍም» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወሩልኛል። ክፍል ውስጥ ግን እደናቀፍ ነበር፤ ልጆች ሲስቁብኝ ድምፄ ይጠፋል።

እንደ ሁልጊዜው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ቀኑንና ቦታውን፣ ጉዳዩ «ልማት» መሆኑን፣ መጥተው ስብሰባውን እንዲመርቁ የሚጠይቀውንም አነበብኩ። መሃል ላይ ረጃጅም ቃላት የሞሉበት አንድ አንቀጽ ነበር። የመጀመሪያውን ቃል በልቤ ሞከርኩት፣ አቃተኝ። አንቀጹን እንዳለ ዘለልኩት።

«ይኸው ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

በቀኑ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ፣ እኔም ተከተልኳቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር እጃቸውን ይዞ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ዝናቡ በወቅቱ እንዲጥል፣ ከብቱ እንዲረባ፣ የታሰበው ሁሉ እንዲሰምር መረቁ፤ ገበሬው መዳፉን ዘርግቶ አሜን አለ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ተነስቶ ከወንዙ ወዲህ ያለው ማሳ ለፋብሪካ እንደሚሰጥ ተናገረ። «ኦቦ ደገፋም መርቀውታል» አለ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም እንደዚያው ተጻፈ። አባባ ሊናገሩ ቢነሱ ጫጫታው ዋጣቸው። የእኛ ማሳ ከወንዙ ማዶ ስለነበር አልተነካም፤ ይህም ጥርጣሬውን አባሰባቸው።

ስንወጣ ማሳቸውን ያጡት ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «መሬታችንን መርቀው ሸኙት አይደል? እንግዲህ ተዝካሩንም አንቱ ይደግሱልን» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ ግቢያችን ሰው አልመጣም። አንድ ቀን ሁለት የሰፈራችን ወንድማማቾች በውርስ መጣላታቸው ተሰማ። አባባ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ወንድማማቾቹ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው በአጥራችን ሥር ወደ ፍርድ ቤት አለፉ፤ ሰላም እንኳን አላሉም።

«ሀዊ» አሉኝ ቆይተው፣ «ያ ደብዳቤ ካነበብሽልኝ ሌላ ምንም የለበትም ነበር?»

«የለበትም» አልኩ።

«እንግዲያው አታለሉኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው። እውነቱን ሳልነግራቸው ሞቱ።

ዛሬ የምኖረው ቡራዩ ነው፤ በመንደራችን ወንዝ ዳር የነበረው ማሳ ላይ አሁን የቆርቆሮ አጥርና መጋዘን ብቻ ነው የሚታየው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ በአንዳንድ አገር ንጉሥ ባይገዛም ፓርላማ እንደሚከፍት፣ የሚያነበውንም ንግግር መንግሥት ጽፎ እንደሚሰጠው መምህራችን ሲያስረዱ ክፍሉ ሳቀ። እኔ ሳቄ አልመጣም። በእኛም አገር አሁን አሁን የባላባትና የነገሥታት ዘር እየተፈለገ፣ ካባ እየተደረበለት፣ በየስብሰባው ፊት ወንበር ይቀመጣል። በቴሌቪዥን ሳያቸው፣ ለምን እንደተጠሩ ሙሉውን የነገራቸው ሰው ይኖር ይሆን እላለሁ። ለአባባ ሙሉውን መንገር የነበረበት ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ መደናቀፍ አፈርኩ።