ገጥሞ የነበረው አጥንት

በ1979 ዓ.ም. በገና ሰሞን ነው። ያኔ ሐይቅ ከተማ ቤቴ ውስጥ ያደረግሁትን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ተናዝዣለሁ። ይህኛውን ግን እዘልለዋለሁ።

እኔ ወጌሻ ነኝ። የተሰበረ አጥንት ማቃናትን ከአባቴ ተማርኩ። ታናሽ ወንድሜ የከተማችን ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነበር፤ ባለቤቴ የስፖርት መምህር። ልጄ አስናቀ የወጣው ከዚህ ቤት ነው። አዲስ አበባ የአባቱ ወንድም ዘንድ ሆኖ፣ ጎልፍ ሜዳ ላይ የሰው ዱላ ከመሸከም ጀምሮ፣ በሃያ ዓመቱ ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች ሆነ።

ለበዓል መጣ። በመጣ በሦስተኛው ቀን ቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር ለጠፈ፤ የልጄ ስም አለበት። ምርመራው ከጥምቀት በኋላ ደሴ ነው ተባለ። በፊተኛው ዙር ከሄዱት የጎረቤቶቼ ልጆች የአንዱም ደብዳቤ አልመጣም ነበር።

የገና ዕለት ከሰዓት ገና ሊጫወት ሜዳ ወረደ። ጓደኞቹ «ያንተ ሜዳ ሣሩ የታጨደ ነው! እዚህ አቧራ ነው፣ ጌታው!» እያሉ ቀለዱበት፤ እሱም ሳቀ። የእንጨቷን ሩር ሊመታ ሲጎነበስ የአንዱ ዱላ ቀኝ እጁ አንጓ ላይ አረፈ። ደግፈው አመጡልኝ።

አጥንቱ ለሁለት ተሰብሯል። ባለቤቴ ክንዱን ያዘልኝ፤ እኔ መዳፉን ሳብኩ። አጥንት ሲገጥም ጣት ያውቃል። ገጠመ። አዎ፣ ገጥሞ ነበር።

ያን ጊዜ አሰብኩ። ቀጥ ብሎ ከዳነ በአርባ ቀን ይበረታል፤ በዚህ ዙር ቢያልፉት በሚቀጥለው ይወስዱታል። ጣቴን አላላሁ። አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። እንዳለ በሸምበቆ አሰርኩት። እጄ ስቶ ነው? አልሳተም። ደንግጬ ነው? እጄ እንደዚያ ቀን ረግቶ አያውቅም። እኔ ነኝ። አውቄ ነው ያጣመምኩት።

ደሴ ላይ እጁን አይተው መለሱት። ዱላው ያመለጠው ልጅ ግን ሄደ፤ አልተመለሰም። የኔ ልጅ ዛሬም አለ፣ ልጆች ወልዷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጨዋታው ግን ቀረ። አንጓው አልዞር አለው። አንድ ዓመት ታገለ፤ ከዚያ ዱላዎቹን ለሌላ ሰጥቶ ተመለሰና የሰው ሱቅ ጠባቂ ሆነ። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። ምን ብሎ ይውቀሰኝ? የሚያውቀው ነገር የለም።

ስለ መትረፉ ሳመሰግን፣ ያጣመምኩትን አጥንት ጭምር እያመሰገንኩ ይሆን? ይህን ሳልለይ አረጀሁ። ያ ቀን ቢመለስ ደግሜ እንደማላደርገው መማል አልችልም። ስለዚህ አፌን ሞልቼ ይቅርታ ልጠይቅ አልችልም።

እጁን ባሰርኩለት ማግስት ጠዋት ገና ጊዜ ነበረኝ። አጥንቱ ገና አልያዘም፤ ፈትቼ ላቃናው እችል ነበር። ወንድሜ ወደ ሥራ ሲሄድ ገባ።

«እትዬ፣ በጣም አብጧል። ደሴ ልውሰደውና በራጅ ይታይ» አለኝ።

«የአባባን እጅ ተጠራጠርክ?»

«ኧረ እትዬ፣ ምን በወጣኝ!»

አፍሮ ወጣ። የሞተውን አባቴን ለውሸቴ ምስክር አደረግሁት።

አስናቀ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። «እማዬ፣ ለፋሲካ እጄ ይደርሳል? ውድድር አለብኝ።»

«ይደርሳል» አልኩት።

«አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር! እግዜር ይስጥልኝ።»

«አሜን» አልኩና ማሰሪያውን ደግሜ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት።